ዜማ ከየት ይወጣል?

ጥያቄ፦ «ሰላም መምህር። የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ግጥም እጽፋለሁ፤ ኪቦርድም በራሴ ተምሬ ትንሽ ትንሽ እጫወታለሁ። ዜማ ማለት በትክክል ምንድን ነው? ከቅኝትና ከቅላፄስ በምን ይለያል? በትዝታ ቅኝት ዜማ ላወጣ ስሞክር የሚመጣልኝ ሁሉ ቀድሞ የተዘፈነ ይመስለኛል፤ ጓደኞቼም ‹ይሄማ ትዝታ ነው› ይሉኛል። ሳላውቀው የሰው ዜማ እየሰረቅሁ ይሆን? ለምሳሌ በዚህ ስንኝ ብዙ ታግያለሁ፦

ከሄድሽ በኋላ ነው ቤቱ የሰፋብኝ፣
አንዲት ሲኒ ቡና ዛሬ የበዛብኝ።»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ስንኝህ ጥሩ ነው። «ናፈቅሽኝ» የሚል ቃል ሳታነሣ መናፈቅህን ነገርኸን፤ ቤቱ ሰፋ፣ ሲኒዋ በዛች፣ አለቀ። እንዲህ ያለ ስንኝ መጻፍ የቻለ ሰው ዜማ አያጣም። ዜማውን የምትፈልግበት ቦታ ላይ ግን ችግር ያለ ይመስለኛል፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

የስርቆቱን ስጋት ቀድሜ ላንሣልህ። ቅኝት የማንም ንብረት አይደለም። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን ማንም ዘፋኝ «የኔ ነው» ሊል አይችልም፤ «ሀ ሁ»ን የኔ ነው የሚል ደራሲ እንደሌለ ሁሉ። ዜማ ግን ባለቤት አለው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሙዚቃ ድርሰትን ከሚጠበቁ ሥራዎች ተርታ ያስገባዋል። ስለዚህ ያንተ ሥራ ከሌላው ጋር የሚጋራው አምስቱን ድምፆች ብቻ ከሆነ ጎረቤት ነህ፤ ምንም አላጠፋህም። እየወጣህ እየወረድህ የምትሄድበት መንገድና የምታርፍበት ቦታ ከሌላው ሥራ ጋር እግር በእግር ከገጠመ ግን የሰው ዜማ ይዘሃል፤ ቃሉን ብትቀይረውም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ሕፃን ሲያለቅስ እናት «እሹሩሩ» ትላለች። ደክሟት አባት ሲቀበላት እሱም በወፍራም ድምፁ «እሹሩሩ» ይላል። ከጉሮሮው የሚወጣው ድምፅ ከእሷ ድምፅ ጋር አንድም ቦታ ላይገናኝ ይችላል፤ ሕፃኑ ግን ያው እሹሩሩ መሆኑን ያውቃል። ድምፆቹ በሙሉ ተቀይረው ዜማው አልተቀየረም። ከዚህ ተነሥተህ ዜማ ምን እንደሆነ መናገር ትችላለህ፦ ዜማ በአንዱ ድምፅና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀትና እያንዳንዱ ድምፅ የሚቆይበት የጊዜ ልክ ነው፤ እነዚህ ተያይዘው ጆሮ እንደ አንድ ነገር ሲይዛቸው ዜማ ይሆናሉ። መነሻ አለው፣ የሚወጣበትና የሚወርድበት መንገድ አለው፣ ማረፊያ አለው። ቅኝት የሚባለው ያ መንገድ የሚያልፍባቸው ድምፆች ምርጫ ነው። ቅላፄ ደግሞ ዘፋኙ በመንገዱ ላይ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ድምፁን ማርገብገቡ፣ ማንሸራተቱ፣ ማዘግየቱ። ማሕሙድ አሕመድ፣ በዛወርቅ አስፋውና ጌታቸው ካሣ ሦስቱም ትዝታ ተጫውተዋል፤ ጎን ለጎን አድርገህ ብትሰማቸው ቅላፄ ምን ማለት እንደሆነ ከኔ ትርጉም በላይ ያስተምሩሃል።

ይህ በወሬ እንዳይቀር ሁሉም ሰው የሚያውቀውን አንድ ዜማ እንፈታታ። ኬክ ሲቆረስ በእንግሊዝኛም፣ «መልካም ልደት» ተብሎ በአማርኛም የሚዘመረውን። ዜማው ፓቲ እና ሚልድረድ ሂል የተባሉ አሜሪካውያን እኅትማማቾች እ.ኤ.አ. በ1893 ለሕፃናት የጠዋት ሰላምታ ብለው ያሳተሙት ነው፤ የልደት ቃል የተገጠመለት በኋላ ነው። አራት ሐረግ አለው። ድምፆቹን ከታች ወደ ላይ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ቲ በሚሉት ስሞቻቸው ልጻፍልህ።

የመጀመሪያው፦ ሶል ሶል ላ ሶል ዶ ቲ።
ሁለተኛው፦ ሶል ሶል ላ ሶል ሬ ዶ።
ሦስተኛው፦ ሶል ሶል ሶል ሚ ዶ ቲ ላ፤ ሦስተኛዋ ሶል የላይኛዋ ናት።
አራተኛው፦ ፋ ፋ ሚ ዶ ሬ ዶ።

ዝም ብለህ በአፍህ በለው። የመጀመሪያው ሐረግ ቲ ላይ ሲቆም ሰው መሃል መንገድ ላይ አንድ እግሩን አንሥቶ የቆመ ይመስላል፤ ማንም ሰው እዚያ ላይ ጨርሶ ኬኩን ሊቆርስ አይችልም። ሁለተኛው በዚያው አጀማመር ይነሣና ዶ ላይ ያርፋል፤ እፎይ ይባላል። ሦስተኛው ለሦስተኛ ጊዜ በዚያው አጀማመር ይነሣና ከታችኛዋ ሶል ወደ ላይኛዋ ሶል ይዘልላል። ሰው ሁሉ ድምፁ የሚሰነጠቀው እዚህ ላይ ነው፤ የልደቱ ባለቤት ስም የሚጠራውም እዚሁ ሐረግ ውስጥ ነው። አራተኛው ከዚያ ከፍታ አውርዶ ቤት ያደርሰናል። እንግዲህ ዜማ ማለት ይህ ነው፤ ማሳረፍ መከልከል፣ ማሳረፍ፣ በጣም ከፍ ማድረግ፣ መመለስ። ቁጥሩ ከ30 የማይበልጥ ድምፅ ይህን ሁሉ ይሠራል።

አሁን ክራር ይዘህ በሙሉ ትዝታ ቃኘው፤ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። ያንን የልደት ዜማ ሞክርበት። ሁለተኛው ሐረግ ያለ ችግር ይወጣልሃል። የመጀመሪያው መጨረሻው ላይ ቲ ይጎድለዋል። ሦስተኛውም ቲ ይጎድለዋል። አራተኛው ገና ከመነሻው ፋ አጥቶ በር ላይ ይቀራል። ቅኝትና ዜማ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በጣቴ የተረዳሁት በዚህ ነው፤ ተማሪዎቼንም የማስጀምረው በዚህ ነው።

ኪቦርድህ ላይ እንድታገኛቸው አራቱን ቅኝቶች ከሲ አስነሥቼ ልስጥህ፤ ሲ፣ ዲ፣ ኢ የምላቸው የቁልፎቹ የእንግሊዝኛ ፊደል ስሞች (C፣ D፣ E) ናቸው፤ ዶን ሲ ላይ አድርገነዋል፤ ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። ሙሉ ትዝታ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ትዝታ ማይነር የምንለው ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ባቲ ሜጀር ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ፤ ባቲ ማይነር ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት። አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። አንቺ ሆዬ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። ኪቦርድ አንዱን ኦክታቭ (ከአንዱ ሲ እስከ ቀጣዩ ሲ ያለውን ርቀት) 12 እኩል ቦታ ስለሚከፍለው እነዚህ ግምቶች መሆናቸውን አትርሳ፤ ጥሩ ክራር ተጫዋች መቃኛውን እያዞረ የሚያቆማቸው ድምፆች ከኪቦርዱ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሊሉ ይችላሉ። በተለይ አንቺ ሆዬ ኪቦርድ ላይ እንደ ጠባብ ጫማ ነው።

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አንድ ነገር ላሳይህ፤ ለጥያቄህ ቁልፉ ያለው እዚህ ይመስለኛል። ሙሉ ትዝታ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው አልን። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከላ ጀምረህ ቁጠራቸው፦ ላ ዶ ሬ ሚ ሶል። ርቀታቸውን ብትለካ ያገኘኸው ባቲ ማይነር ነው። ሌላ ጨምርበት፤ ከሲ የተነሣውን አምባሰል፣ ማለትም ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላትን ከኤፍ ጀምረህ ቁጠር። ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ ፍላት ይሆናል፤ ይህ በኤፍ የተነሣ ትዝታ ማይነር ነው። አንድ ገመድ አልተነካም፤ አንድ ቁልፍ አልተቀየረም። የተቀየረው ቤት የምትለው ድምፅ ነው፤ ዜማው ደጋግሞ የሚመለስበትና የሚያርፍበት ድምፅ። ወሎ ላይ የአምባሰልን ዜማ ሲያዜሙ የሚሰማህ ያ ከፍ ያለ ተራራ ላይ ቆሞ የመጣራት ስሜት ከድምፆቹ ዝርዝር ብቻ ቢመጣ ኖሮ ትዝታ ማይነርም ያንኑ ስሜት ይሰጥህ ነበር። አይሰጥህም። ማረፊያው ሌላ ነውና።

አሁን የጓደኞችህን ነገር እንየው። «ትዝታ» በአማርኛ ሦስት ነገር ነው። ያለፈውን ማስታወስ ነው፤ ቅኝት ነው፤ በዚያ ቅኝት የሚዜም፣ ማንም ዘፋኝ የራሱን ስንኝ እየጨመረ የሚጫወተው ዝነኛ ዘፈንም ነው። አንተ ቅኝቱን ብቻ የወሰድህ መስሎህ ዘፈኑንም ከነአካሄዱ ወስደሃል። ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ከመሃል ወደ ላይ ይወጣል፣ ስንኙ ሲያልቅ እየተንከባለለ ወደ ዶ ይወርዳል። ይህ መንገድ ጆሮህ ውስጥ ከልጅነትህ ጀምሮ ተረግጧል፤ ጣትህ ሳታዘው ይሄድበታል። በዚያ ላይ ኪቦርዱ አለ። ራሱን ያስተማረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ግራ እጁን ዶ ሚ ሶል ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ላይ ያስቀምጥና ቀኙን ይለቀዋል። ያ ኮርድ ከታች ሲጮህ እያንዳንዱ ሐረግ ዶ ላይ ካላረፈ የተሳሳተ ይመስልሃል። ስለዚህ ሁሉም ስንኝህ አንድ ቦታ ያርፋል፤ ሁሉም ዜማህ አንድ ይመስላል። ግራ እጅህን ለአንድ ወር ኪስህ ውስጥ ክተተው።

ቋንቋችን የሚለውንም ልብ በልልኝ። እኛ ዜማ «ሠራሁ» ከማለት ይልቅ ዜማ «አወጣሁ» እንላለን፤ ለልጅ ስም እንደምናወጣ። የሚወጣ ነገር አስቀድሞ ውስጥ ያለ ነው። ግጥሙን ጽፈህ ወደ ኪቦርዱ ሄደህ አምስት ቁልፎች ላይ ስትዞር ከኪቦርዱ ውስጥ ነው የምታወጣው፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ ያለው ሁላችንም የምናውቀው ትዝታ ነው። ያንተ ዜማ ያለው ስንኙ ውስጥ ነው።

ይህን ስል በምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም። አማርኛ ሲነገር ራሱ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይጠብቃል፣ ይላላል። ከሁሉ በላይ ዜማ ደራሲን የሚያጋልጠው መጥበቅና መላላት ነው። «ልቤ ይመታል» የሚል ሐረግ ውሰድ። «መ» እና «ታ» ላልተው ሲነበቡ ልብህ ትር ትር እያለ ነው፤ ጠብቀው ሲነበቡ ልብህን ሌላ ሰው እየደበደበው ነው። ፊደላችን ይህን ልዩነት አያሳይም፤ የሚያሳየው አፍ ነው። «ይ»ን በአጭሩ ቆርጠህ የከበሮውን ጠንካራ ምት «መ» ላይ ብታሳርፈው የፍቅር ዘፈንህ የድብደባ ክስ ሆኖ ሊሰማ ይችላል። ስቱዲዮ ውስጥ ይህን አይቻለሁ፤ ድምፁ ግሩም፣ ቅንብሩ ግሩም፣ ቃሉ ግን ሌላ ትርጉም ይዞ ወጥቶ ሰው በየካፌው «ምን ነበር ያለው?» ሲባባል። ዜማ ቃሉን መሸከም አለበት። ቃሉን የሚሰብር ዜማ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አማርኛ ላይ አይቆይም።

እንግዲህ ስንኝህን በእጃችን እንያዘው። የወል ቤት ነው፤ በየስንኙ 6 እና 6 ቀለም፤ ቀለም ማለት ባንድ ጊዜ ከአፍ የሚወጣ የቃል ቁራጭ ነው። «ከሄድሽ በኋላ ነው» ስድስት፤ «ቤቱ የሰፋብኝ» ስድስት። ለመሃሉ ትንፋሽ የተሠራ ልክ ነው፤ አታፍርሰው። አሁን ኪቦርዱን ዝጋና ስንኙን ለቅርብ ጓደኛህ እንደምትነግረው ተናገረው፤ ሳታነብበው፣ ሳታሳምረው። ደግመህ ደጋግመህ በለው። ድምፅህ የት ላይ ከፍ አለ? እኔ ስለው «ሰፋ» ላይ ነው። የስንኙ ሸክም ያለው እዚያ ነው፤ ቤቱ ሰፋ። ሁለተኛው ስንኝ ላይስ? «አንዲት ሲኒ» ትንሽ ነገር ናት፤ ድምፄ ዝቅ ይላል፣ ወደ ውስጥ ይገባል። ወረቀት ላይ መስመር ብትስልለት የመጀመሪያው ስንኝ ኮረብታ ነው፤ ሁለተኛው ሜዳ።

ይህንን በሙሉ ትዝታ እንዲህ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ለያንዳንዱ ቀለም አንድ ድምፅ ሰጥቻለሁ።

ከሄድሽ በኋላ ነው፦ ሚ ሚ ሶል ሶል ሚ ሬ።
ቤቱ የሰፋብኝ፦ ዶ ሬ ሚ ላ ሶል ሶል።
አንዲት ሲኒ ቡና፦ ሚ ሚ ሶል ሶል ሚ ሬ።
ዛሬ የበዛብኝ፦ ዶ ሬ ሚ ሬ ሬ ዶ።

የስንኞቹ መጀመሪያ አንድ ነው፤ ሆን ብዬ ነው፤ ጆሮ የሚያውቀውን ሲያገኝ ይከተልሃል። ልዩነቱ ያለው በሁለተኛዎቹ ግማሾች ነው። «የሰፋ» ላይ ከሚ ወደ ላ ዘለልን፤ በዚህ ዜማ ውስጥ ትልቁ ዝላይ ይሄ ብቻ ነው፤ «ላ» የምትሰማውም እዚህ አንዴ ብቻ ነው። ላዋን ያዛት፤ «ሰ»ን አውጣና ከዚያ በኋላ «ፋ»ን አጥብቀህ ውረድ። ሐረጉ ሶል ላይ ይቆማል፤ አላረፈም፤ ቤቱ ክፍት ነው። ሁለተኛው ስንኝ ያንኑ መንገድ ይጀምርና፣ ጆሮ እንደገና ዝላይ ሲጠብቅ፣ አይዘልልም። ሚ ደርሶ ይመለሳል። አንዲት ሲኒ ናትና። ዶ ላይ ያርፋል።

አሁን የመጨረሻዎቹን ሁለት ድምፆች ብቻ ቀይር፤ «ዛሬ የበዛብኝ»ን ዶ ሬ ሚ ሬ ዶ ላ በለው፤ ላዋ የታችኛዋ ናት። ስማው። ያ ሰው ከቡናው አልተነሣም። መጀመሪያ የሰጠሁህ አጨራረስ ላይ ሰውየው ሐዘኑን ተቀብሎት ነበር፤ አሁን አልተቀበለውም። ከዚህ በኋላ ያሉትን ስንኞችህንም እዚያች ታችኛ ላ ላይ እያሳረፍህ ብትቀጥል ዘፈንህ ቀስ በቀስ ከትዝታ ወደ ባቲ ማይነር ይሻገራል፤ አምስቱ ድምፆች እንደነበሩ ሆነው። የቱ ይሻላል አትበለኝ፤ ያንተ ቤት ነው፤ ሲኒዋም ያንተ ናት። እኔ ብሆን አዝማቹ ላይ ዶን፣ የመጨረሻው ስንኝ ላይ ላን እመርጥ ነበር።

ዜማ ከቃል መውጣቱ አዲስ ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ዜማችን ላይ ያሉትን ምልክቶች ስማቸውን ስማ፦ ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ደረት፣ ርክርክ። አንዳቸውም እንደ «ዶ» ወይም እንደ «ሲ» የአንድ ድምፅ መጠሪያ አይደሉም። ይያዝ፣ ይደፋ፣ ይሂድ፣ ይቆረጥ ይላሉ፤ የአካሄድ ስሞች ናቸው፤ የሚጻፉትም ከቃሉ ፊደል ራስ ላይ ነው። ዜማውን በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለአክሱሙ ቅዱስ ያሬድ የሚሰጠው ትውፊት፣ ምልክቱን ደግሞ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። ከነዚህ ሌላ ከቃሉ በላይ በጥቃቅን የሚጻፉ ፊደሎች አሉ፤ ተማሪው ቀድሞ በቃሉ የያዘውን የዜማ ሐረግ የሚያስታውሱ ናቸው። ለዚህ ነው ዜማ ቤት ገብቶ ያልተማረ ሰው ድጓውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዜማ መጽሐፍ፣ ከፍቶ ምልክቱን ቢያይም ሊያዜመው የማይችለው። መምህሩ አፍ ላይ ያለውን ሳይሰማ ምልክቱ ምንም አይነግረውም። ጋይንት ቤተ ልሔም ድረስ ሄደው ድጓ የሚያስመሰክሩ ሰዎች የሚመሰክሩት ወረቀቱን ስለማንበባቸው ሳይሆን ዜማውን ስለመያዛቸው ነው።

ለቅሶ ቤትም ሂድ። ሙሾ «ይወረዳል» እንላለን፤ አውራጇም ሙሾ አውራጅ ናት። እውነትም ዜማው አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ተነሥቶ ይወርዳል፤ ሰው በሐዘን ሲናገር ድምፁ እንደሚያደርገው። ሽለላና ቀረርቶ ሌላ ነው፤ ድምፁ ከፍ ብሎ ይያዛል፣ ይቆያል፣ ሳይታሰብ ይቆረጣል። እንቁጣጣሽ ላይ ልጃገረዶች አበባየሆሽ ሲሉ አውጪዋ ስንኙን እየቀያየረች ትሄዳለች፤ ተቀባዮቹ ግን «ለምለም»ን በአንድ ዜማ ይመልሳሉ። ያቺ የማትቀያየር መልስ ናት መንገድ ላይ ተቀላቅላ የመጣችን ልጅ ሳትለማመድ ዘፋኝ የምታደርጋት። አዝማሪ ቤት «ተቀበል» ብለህ ስንኝ ስትሰጥ አዝማሪው ወዲያው የሚዘፍንልህም በዚሁ ብልሃት ነው፤ ዜማው እንደ አቁማዳ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ የሚሞላበት ቃል ግን በየምሽቱ አዲስ ነው። የዜማ ጥቅም ምንድን ነው ብትለኝ ከመጽሐፍ ትርጉም በፊት እነዚህን እጠቅስልሃለሁ። ልጅ ያስተኛል፣ ሬሳ ይሸኛል፣ ቃል ያስታውሳል፣ የማይተዋወቁ ሰዎችን አንድ አፍ ያደርጋል።

ስለ ቅንብር አጭር ነገር ልበል፤ ወደፊት ይገጥምሃልና። ባህላዊው ጨዋታችን ዜማውን የሚያስደግፈው በኮርድ አይደለም። ዘፋኙ፣ ማሲንቆው፣ ክራሩና ዋሽንቱ ሁሉም ያንኑ ዜማ ይዘው ይሄዳሉ፤ እያንዳንዱ በራሱ ቅላፄ፣ አንዱ ትንሽ ቀድሞ፣ ሌላው ትንሽ ዘግይቶ። ውበቱ ያለው በዚያ መተላለፍ ውስጥ ነው። ለባንድና ለመዘምራን ሲቀናበር ግን በአምስት ድምፅ ዜማ ሥር ምን ይግባ የሚለው ጥያቄ መጣ፤ የሙዚቃ አቀናባሪውን ነርሲስ ናልባንዲያንን የመሰሉ ሰዎች ብዙ የደከሙበት ጥያቄ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኒው ዮርክ ላይ ኢትዮ ጃዝን ሲጀምር አምስቱን ድምፆች ከላይ አቆይቶ የ12 ድምፁን ሐርመኒ (አብረው የሚሰሙ ድምፆችን ስምምነት) ከሥር አስገባ። እሱ ሲሠራው ዜማው አልጠፋም። አንተ ግን ዜማህ ብቻውን፣ ያለ ምንም አጃቢ፣ መቆም መቻሉን ሳታረጋግጥ ወደ ኮርድ አትሂድ። ኪቦርዱ ላይ ያለውን የተዘጋጀ ችክችካም ለጊዜው አጥፋው፤ ምቱ ራሱ ዜማውን ወደ ለመደበት ይጎትተዋል።

ልምምዱን እንዲህ አድርገው። አንድ ስንኝ ያዝና በአንድ ድምፅ ብቻ በለው፤ ከፍ ዝቅ ሳታደርግ፣ የቃሉን መጥበቅና መላላት፣ ርዝመትና እጥረት ብቻ ጠብቀህ። አሰልቺ ይመስላል፤ ግን የዜማህ ግማሽ እዚህ ይሠራል፤ ብዙ ጀማሪ ይህን ስለሚዘል ነው ቃሉን የሚሰብረው። ይህ ሲጥምህ ሁለተኛ ድምፅ ፍቀድለት፤ የት ላይ መቀየር እንደሚፈልግ ቃሉ ይነግርሃል። ከዚያ ሦስተኛ። ከፍተኛውን ድምፅ ለአንድ ቃል ብቻ አስቀምጠው፤ የቱ ቃል እንደሆነ ካላወቅህ ግጥሙን ገና አላወቅኸውም ማለት ነው። የመጀመሪያውን ስንኝ ቤት ላይ አታሳርፈው። ይህን ሁሉ በእግርህ እየሄድህ አድርገው፤ ታክሲ ወረፋ ላይም ይሆናል፤ ስልክህ ላይ ቅዳው። ወደ ኪቦርዱ የምትሄደው በአፍህ ያወጣኸውን ለማግኘትና ለመጻፍ ብቻ ይሁን።

ከቀዳኸው በኋላ ለሦስት ቀን አትስማው። በአራተኛው ቀን ስልኩን ሳትከፍት ዜማውን ለማስታወስ ሞክር፤ የጠፋብህ ክፍል ካለ መጥፋት የነበረበት ነው፤ አትፈልገው። ቤት ውስጥ እህት ወይም ወንድም ካለህ ደግሞ ምንም ሳትነግር ጓዳ አካባቢ ሁለት ሦስት ቀን እያንጎራጎርኸው እለፍ። አንድ ቀን ዕቃ ስታጥብ ወይም ልብስ ስታሰጣ ያቺው እህትህ ሳታስበው ታንጎራጉረዋለች። እሷ የያዘችውን ጻፈው። «ሰፋ» ላይ የዘለለችውን ዝላይ በተለይ ስማው፤ ከኔ ሚ ወደ ላ የተሻለ ነገር ልታደርግበት ትችላለች፤ ካደረገች የእሷን ውሰድ።